ሚኒስትሩ ይቀየራሉ፣ ፋይሉ ይቀጥላል፦ የፊቼ ጨምበላላ የዩኔስኮ ምዝገባ፣ የጉዳይ ጥናት ከሐዋሳ

ከኅዳር 20 እስከ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ወካይ መዝገብ ውስጥ አሰፈረ። ኢትዮጵያ በኅዳር 2006 ባኩ ላይ ካስመዘገበችው የመስቀል በዓል ቀጥሎ ሁለተኛዋ ነበር። ሐዋሳ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ በየዓመቱ ቄጣላ የሚጨፍረው ሕዝብ የሚያውቀው በዓል፣ ፓሪስ ውስጥ ሲዳማን አይተው በማያውቁ ባለሙያዎች ተነቦ ተቀባይነት አገኘ። እንዴት እዚያ ደረሰ? በመንገዱ ላይ ሚኒስትር፣ አምባሳደር፣ የወረዳ ባህል ባለሙያና ከዋክብት አንባቢው አያንቶ እያንዳንዳቸው የሠሩት ምንድን ነው? ሌላ ዞን ወይም ክልል ተመሳሳይ የምዝገባ ማመልከቻ ፋይል ሲያዘጋጅ የሚጠቅመው የዚህ መልስ ነው።

ከወንበሩ እንጀምር። የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር በ1998 መጀመሪያ ሲቋቋም ሚኒስትር የሆኑት አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ናቸው። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በእሳቸው ዘመን፣ በየካቲት 1998 ነው። ያ ባይሆን የመስቀልም የፊቼም ፋይል የሚገባበት በር አልነበረም፤ ስምምነቱን ያላጸደቀ አገር ማመልከት አይችልም። አምባሳደር ማሕሙድ ከሚኒስትርነት በኋላ ካይሮ ላይ ኢትዮጵያን ወከሉ። በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ከአፍሪካ ኅብረት አቻቸው ጋር በሱዳን ወታደራዊ ምክር ቤትና በነፃነትና ለውጥ ኃይሎች መካከል አደራደሩ፤ የሕገ መንግሥታዊ ሰነዱ ፊርማ በነሐሴ 2011 ተፈጸመ። ቀጣዩ ሚኒስትር አቶ አሚን አብዱልቃድር ከ2003 እስከ 2008 መግቢያ ሠርተው በኋላ በሪያድ አምባሳደር ሆኑ። ባህልና ዲፕሎማሲ በዚህ መሥሪያ ቤት ምን ያህል ተጎራባች እንደሆኑ ከሁለቱ ሰዎች የሥራ ሕይወት ይታያል።

ቀኖቹን ደግሞ ከወንበሩ ጎን እናስቀምጣቸው። በ2008 ለሚታዩ ፋይሎች የማስገቢያው ማብቂያ መጋቢት 22 ቀን 2006 ነበር፤ ሚኒስትሩ አቶ አሚን ነበሩ። በመስከረም 2008 አዲስ ካቢኔ ተዋቅሮ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ ወንበሩን ተረከቡ። ዊንድሆክ ላይ ውሳኔው ሲሰጥ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። በጥቅምት 2009 ደግሞ የቋንቋ ምሁሯ ዶ/ር ሂሩት ወልደማርያም ተተኩ፤ ከወር በኋላ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የኮሚቴው 11ኛ ጉባኤ የገዳ ሥርዓት ተመዘገበ። በሁለቱም ጉዳዮች ማመልከቻ በሚገባበት ጊዜ ወንበሩ ላይ የነበሩት ሚኒስትርና ውሳኔውን የተቀበሉት ሚኒስትር የተለያዩ ናቸው። የአንድ ፋይል ዕድሜ፣ መረጃ መሰብሰቡን ሳንቆጥር፣ ከማስገቢያው ቀን እስከ ውሳኔው 20 ወር ያህል ነው። ሚኒስትር በዚያ መሐል ይቀየራል። ስለዚህ ፋይሉን በእጁ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ባለሙያ ከታች ከሌለ ሥራው መንገድ ላይ ይቀራል። ዋናው ትምህርት ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ዝርዝሩ ነው።

የዲፕሎማቱ ድርሻ ግን ትንሽ አይደለም። ፋይሉ የሚገባው በመንግሥት ስም ነው፤ ከዩኔስኮ ጽሕፈት ቤት የሚመጡ ደብዳቤዎችም ፓሪስ ባለው ቋሚ መልእክተኛ በኩል ያልፋሉ። ኢትዮጵያ ከ2006 ማብቂያ ጀምሮ ለአራት ዓመት ከ24ቱ የኮሚቴው አባል አገሮች አንዷ ነበረች። ይህ መቀመጫ የአሠራሩን ቋንቋ ለመማርና የሌሎች አገሮች ፋይል ለምን እንደሚወድቅ በቅርብ ለማየት ዕድል ይሰጣል። የመመዘኑ ሥራ ግን ከዲፕሎማት እጅ ውጭ ነው። ፊቼ ከታየበት የ2008 ዑደት ጀምሮ ፋይሎችን የሚመረምረው 12 አባላት ያሉት አንድ የግምገማ አካል ሲሆን ስድስቱ የአገራት ባለሙያዎች፣ ስድስቱ ደግሞ ዕውቅና ካላቸው መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የተመረጡ ናቸው። አንድ አባል የራሱን አገር ፋይል አይመዝንም። የሚመዝኑትም የተጻፈውን ብቻ ነው፤ በስብሰባ አዳራሽ በቃል የሚጨመር ማብራሪያ ጎደሎ ገጽን አይሞላም።

ገምጋሚዎቹ ስለ ፊቼ ምን አነበቡ? የበዓሉ ስም የመጣው፣ በአፈ ታሪኩ እንደሚነገረው፣ ፊቼ ከተባለች ሲዳማ ሴት ነው። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ። ምግቡ ለጎረቤት ሁሉ ይዳረሳል። የበዓሉን ቀን ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ይወስናሉ፤ ውሳኔው ለየጎሳው ይነገራል። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ይላሉ፣ ቡርሳሜም ይቀርብላቸዋል። የጎሳ መሪዎች ሕዝቡ ሥራ ወዳድ እንዲሆን፣ ሽማግሌዎችን እንዲያከብርና እንዲደግፍ፣ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ ከልመና፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት እንዲርቅ ይመክራሉ። እናቶች የፀጉር አሠራሩንና የቡርሳሜ አዘገጃጀቱን ለሴት ልጆቻቸውና ለመንደሩ ልጃገረዶች ያስተምራሉ።

ይህ መግለጫ ጥሩ የሆነበት ምክንያት አለ። በዓሉ ጥንታዊ ነው፣ ልዩ ነው፣ ወደር የለውም አይልም። የወካይ መዝገቡ ገምጋሚዎች እንዲህ ያሉ ቃላትን ከስምምነቱ መንፈስ ጋር የሚቃረኑ አድርገው ያነቧቸዋል፤ ምክንያቱም መዝገቡ ባህሎችን በደረጃ አያወዳድርም። በእኛ አገር በየቢሮው የሚዘጋጁ ረቂቆች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ለቱሪስት መሳቢያ የተጻፈ ብሮሹር ወደ ቅጹ ይገለበጣል። ገምጋሚው የሚፈልገው ማን ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚያስተላልፍ፣ ለባለቤቶቹ ዛሬ ምን ትርጉም እንዳለው ነው። ቅጹ ቦታው ጠባብ ነው፤ አብዛኞቹ የመግለጫ ክፍሎች ከ150 እስከ 250 ቃል፣ አንዳንዶቹ ከ100 እስከ 150 ቃል ብቻ ይፈቅዳሉ። በ250 ቃል ውስጥ አያንቶ፣ እናት፣ ልጅና የጎሳ መሪ እያንዳንዳቸው በተግባራቸው እንዲታዩ ማድረግ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ለረዥም ድርሰት የሚሆን ቦታ የለም።

መስፈርቶቹ አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ጉዳዩ በስምምነቱ ትርጉም የማይዳሰስ ቅርስ መሆኑን ማሳየት ነው፤ ፊቼ እዚህ ላይ አይቸገርም። ሁለተኛው መመዝገቡ ስለ ማይዳሰስ ቅርስ በጥቅሉ ያለውን ግንዛቤና የባህሎችን ንግግር እንዴት እንደሚያግዝ ይጠይቃል። ብዙ አገሮች እዚህ ይሰናከላሉ፤ «በዓላችን በዓለም ይታወቃል» ብለው ይመልሳሉ፣ ጥያቄው ግን ስለ አንዱ በዓል ታዋቂነት አይደለም። ፊቼ ያለው ጥሩ መልስ ጎሳዎችን የሚያገናኝ፣ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር በሰላም መኖርን የሚሰብክ በዓል መሆኑ ነው።

ሦስተኛው፣ የጥበቃ ዕቅዱ፣ ጊዜ ወስዶ ሊሠራ የሚገባው ነው። ዕቅዱ ማን፣ መቼ፣ በምን ገንዘብ እንደሚሠራው ማሳየት አለበት። ከላይ ወደ ታች የወረደ ዕቅድ፣ ማለትም ቢሮው ያሠለጥናል፣ ቢሮው ያስተዋውቃል፣ ቢሮው ያከብራል የሚል፣ ገምጋሚውን አያሳምንም። ፊቼን በሚመስል በዓል ላይ ዕቅዱ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን መንካት ይኖርበታል። አንደኛ፣ የአያንቶዎች ዕውቀት የሚተላለፍበት መንገድ። ሰማይን አንብቦ ቀን የሚቆርጥ ሰው በትምህርት ቤት ሥልጠና አይወጣም፤ ከአዋቂው ጋር ሌሊት የሚቆም ወጣት ያስፈልጋል፤ የወጣቱም ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ የሚሆነው። ካሜራው ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ጉዱማሌ ነው፤ በዓሉ ግን የሚተላለፈው በዋዜማው ምሽት ቤተሰቡ በምግብ ማቅረቢያው በሻፌታ ዙሪያ ተሰብስቦ ቡርሳሜውን ሲቀማመስ ነው። ሜዳው ላይ የሚወጣው በጀት ከቤቱና ከመንደሩ ከበለጠ ዕቅዱ ተገልብጧል። ሦስተኛ፣ ቱሪዝም የሚያመጣው ጫና፤ ጎብኚ እንዲመቸው ሥርዓቱ እንዳይቆራረጥ የሚቆጣጠረው የማኅበረሰቡ አካል ማን እንደሆነ በስም መጠቀስ አለበት።

አራተኛው መስፈርት ተሳትፎና ፈቃድ ነው፤ ፋይል በጣም የሚታመነውም የሚወድቀውም በዚህ ነው። ማኅበረሰቡ በነፃነት፣ አስቀድሞና አውቆ መስማማቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይያያዛል፤ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ትርጉም መታጀብ ግን አለበት። የተለመደው ስህተት አንድ ደብዳቤ በቢሮ ተጽፎ፣ ስሙ ብቻ እየተቀየረ ለሁሉም ወረዳ ማሰራጨት ነው። ገምጋሚው አሥራ አምስት ደብዳቤ ሲያነብ አሥራ አምስቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ከሆኑ ማንም አልተጠየቀም ብሎ ይደመድማል። ሲዳማ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው፤ አፊኒ። ነገር በአደባባይ ይነሣል፣ ሰሚው ሰምቶ ሐሳቡን ይሰጣል፣ ጭሜሳ የሚባሉት ሽማግሌዎች ያከራክራሉ፣ ከዚያ ይወሰናል። በአፊኒ የተሰጠ ፈቃድ፣ የተከራከሩትን ጭምር በድምፅ ከያዘ፣ ከማንኛውም ማኅተም ይበልጣል። ሴቶችና ወጣቶች በዚህ መሐል ለብቻ ሊጠየቁ ይገባል፤ የቡርሳሜና የፀጉር ሥራ ባለቤቶች እነሱ ሆነው ሳለ የጎሳ መሪዎች ብቻ የፈረሙበት ፋይል ከራሱ መግለጫ ጋር ይጋጫል።

አምስተኛው፣ ቅርሱ በአገር ውስጥ መዝገብ መስፈሩ፣ ቀላል ይመስላል። ግን መዝገቡን የሚይዘው ተቋም፣ የተመዘገበበት ቀን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚታደስና ማኅበረሰቡ በማደሱ እንዴት እንደሚሳተፍ ሁሉ መጻፍ አለበት፤ ከመዝገቡ ላይ የተቀዳው ገጽም ከትርጉሙ ጋር ይያያዛል። ያኔ የአገሪቱን መዝገብ የሚይዘው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር። አሥር ፎቶና ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮም ይጠየቃል፤ የባለቤትነት መብት የሚሰጥበት ቅጽ ለእያንዳንዱ ይፈረማል። የቀረጸው ሰው ፊርማ ጠፍቶ የተመለሰ ፋይል መስማት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ቅጹ ቀረጻው በተደረገበት ዕለት፣ ባለሙያው ከሜዳው ሳይወጣ ይፈረም።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። ማስገቢያው መጋቢት 22 ነው። ጽሕፈት ቤቱ ፋይሉን አይቶ የጎደለውን እስከ ሰኔ 23 ያሳውቃል፤ አገሩ እስከ መስከረም 20 አሟልቶ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ዘግይቶ የሚገባ ነገር በዚያ ዑደት አይታይም። ለኢትዮጵያ ይህ ጊዜ ከሁሉም የከፋው ነው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የአዲሱ ዓመት ገንዘብ እስኪለቀቅ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ክረምቱ ወደ ደጋው ሲዳማ የሚያደርሰውን መንገድ ያበላሻል፤ ባለሙያዎች ዓመታዊ ፈቃድ ይወጣሉ፤ ከዚያ አዲስ ዓመትና መስቀል ይመጣል። ከአንድ ወረዳ አንድ የጎደለ የፈቃድ ቅጂ ለማምጣት የሚያስፈልገው ነዳጅና አበል በትክክል የሌለበት ጊዜ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለመልስ የሚሆን የጉዞ ወጪ በሰኔ ወር ከመዘጋቱ በፊት ይከፈል ወይም በወረዳው እጅ ይቀመጥ፤ ከፈቃድ ማስረጃውም ሁለት ዋና ቅጂ ይሰብሰብ፤ አንዱ ለፓሪስ፣ አንዱ ለሐዋሳ።

ውሳኔው ሦስት ዓይነት ነው። ይመዘገባል፤ ወይም ለተጨማሪ መረጃ ይመለሳል፤ ወይም አይመዘገብም። የተመለሰ ፋይል ተስተካክሎ በቀጣይ ዑደት ሊቀርብ ይችላል። በፊቼ ዑደት በነበረው ደንብ አይመዘገብም የተባለ ግን ለዚያው መዝገብ እስከ አራት ዓመት ድረስ እንደገና አይቀርብም ነበር። ፋይሉ ደካማ መሆኑ እየታወቀ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ እያሉ ይታይ በሚል ግፊት የሚያስገባ ሰው የማኅበረሰቡን ጊዜ ያቃጥላል። በዚህ ነጥብ ላይ ባለሙያ «ገና ነው» ማለት መቻል አለበት፤ የቀድሞ ዲፕሎማት የሆነ ሚኒስትርም ይህን «ገና ነው» ከማንም ፈጥኖ ሊረዳው ይገባል፤ ያልበሰለ ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል።

ፊቼ ከሌሎች በዓላት የሚለይበት አንድ የአስተዳደር ችግር አለው፤ ቀኑ ቋሚ አይደለም። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ። በዓሉ በ2010 ሰኔ ላይ ዋለ፤ በ2015 ደግሞ ሚያዝያ ላይ። ሆቴሎች፣ አየር መንገድ፣ የክልል ፕሮቶኮልና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ቀኑን ከወራት በፊት ማወቅ ይፈልጋሉ። አንድ ቋሚ ቀን ይቆረጥ የሚለው ሐሳብ ለእነሱ ምቹ ነው። በፋይሉ ውስጥ የቅርሱ መሠረት ተደርጎ የተገለጸው ግን የአያንቶዎች ንባብ ነው። ቀኑ በቢሮ ከተቆረጠ አያንቶው ለፎቶ የሚቆም ሰው ይሆናል፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚተላለፍ ዕውቀት አይኖርም። የተሻለው መንገድ አያንቶዎቹ ንባባቸውን እንደጨረሱ ውጤቱ ለጎሳዎችና ለሕዝብ የሚደርስበትን መስመር ማሳጠር፣ የሆቴልና የትራንስፖርት ዝግጅቱንም በአንድ ቀን ፈንታ በሁለት ሳምንት ክልል ማቀድ ነው። ወጪ አለው። የሚወጣው ግን ለዋናው ነገር ነው።

በሰኔ 2010 በበዓሉ ሰሞን ሐዋሳ ላይ በተነሣ ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በወካይ መዝገቡ ላይ ስለ ሰላማዊ አብሮ መኖር የተጻፈለት በዓል ሰሞን ይህ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል፤ በጥበቃ ሥራው ላይም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ከተማዋ የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ ናት። ብዙ ሺህ ሰው ወደ አንድ ሜዳ የሚመጣበት ቀን የጭሜሳዎች፣ የወጣቶችና የከተማው ሌሎች ማኅበረሰቦች ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚገናኙበት ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ይህ ለጸጥታ አካላት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የበዓሉ ምክር ራሱ የሚጠይቀው ነውና የባህል ቢሮው ዕቅድ ውስጥ በጀት ተይዞለት ሊገባ ይገባል።

ከምዝገባው በኋላ ተቋማቱ ሁሉ ተቀይረዋል። ፋይሉ ሲሠራ ሲዳማ በደቡብ ክልል ውስጥ ዞን ነበር። በኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ፤ የጥበቃው ኃላፊነት ወደ ክልሉ ባህል ቢሮ መጣ። በ2014 መጀመሪያ የፌዴራሉ ሚኒስቴር ለሁለት ተከፍሎ ቱሪዝም ለብቻው፣ ባህል ከስፖርት ጋር ሆኑ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣኑም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተባለ። በእያንዳንዱ ርክክብ ሰነድ የመጥፋት አደጋ አለ። አንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ ያልተቆራረጠው ጥሬ ቀረጻ በግል ሃርድ ዲስክ ይቀራል፤ የፈቃድ ዋናው ቅጂ ባልታወቀ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሐዋሳ ላይ የሚቀመጠው ሙሉ ስብስብ ቢያንስ የገባውን ቅጽ፣ የጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤዎችና መልሶቹን፣ ሁሉንም የፈቃድ ማስረጃ፣ የመብት ቅጾቹን፣ ጥሬ ቀረጻውንና የኮሚቴውን ውሳኔ መያዝ አለበት፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ከቢሮው ውጭ፣ ለምሳሌ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት።

ስብስቡ የሚፈለግበት ቀን ይመጣል። አገሮች ስለተመዘገቡ ቅርሶቻቸው ሁኔታ በየስድስት ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ አሁን በየአህጉሩ ተራ የሚሄድ ሲሆን የአፍሪካ ተራ የደረሰው በ2016 ነበር። ሪፖርቱ በፋይሉ የተገባውን ቃል አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ስንት ወጣት ከአያንቶ ተማረ፣ ማን አስተማረ፣ ዕቅዱ የት ቆመ። በየዓመቱ በዓሉ እንዳለፈ በአንድ ወር ውስጥ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ ከየወረዳው አንድ ገጽ የሚሰበስብ ቢሮ ስድስተኛው ዓመት ላይ አይደነግጥም።

ሁለት ነገር ይቀራል፤ ሁለቱም ሐዋሳ ላይ በየጊዜው የሚጠየቁ ናቸው። ምዝገባው ገንዘብ አያመጣም። ገንዘብ የሚጠየቀው በተለየ ቅጽ ከስምምነቱ ፈንድ ሲሆን፣ እስከ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ጥያቄን የኮሚቴው ቢሮ፣ ሙሉ ጉባኤ ሳይጠብቅ፣ ማየት ይችላል። ለአያንቶዎች ዕውቀት ማስተላለፊያ የሚሆን ፕሮጀክት ከዚህ መጠን በታች በሚገባ ይሠራል። ሌላው ዓርማው ነው። የዩኔስኮንና የስምምነቱን ምልክት በካናቴራ፣ በቡና ማሸጊያ ወይም በሆቴል ቢልቦርድ ላይ ያለ ፈቃድ ማተም አይቻልም፤ ፈቃዱም በአገሪቱ የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ይጠየቃል። ለበዓሉ ዕቃ የሚያሳትም ነጋዴ ይህን ከማተሚያ ቤት በፊት ማወቅ አለበት፤ የክልሉ ቢሮም በዓሉ ከመቃረቡ በፊት በየዓመቱ ለነጋዴዎች በጽሑፍ ቢያሳውቅ ክርክሩ ከመነሻው ይቀራል።